ቦታ የያዙት ድንጋዮች

ባለፈው ሳምንት ኖሪትን በባዶው ስታዲየም መሀል፣ የኖራ ባልዲዋን አንጠልጥላ፣ ዓይኗን ወደ ምሥራቁ ደረጃ እንዳፈጠጠች ትተናት ሄደን ነበር። አሁንም እዚያው ናት። ምን ታድርግ፤ እናንተ ሥራችሁን ሠርታችሁ፣ ተጣልታችሁ፣ ታርቃችሁ እስክትመለሱ ጭጋግ ውስጥ ቆማ ጠበቀቻችሁ።

ላልነበራችሁ ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ። ኖሪት ማለት የሜዳውን መስመር በኖራ የምታሰምረው ልጅ ናት። ቅንድቧ ሳይቀር ነጭ ስለሚሆን ነው ስሙ የወጣላት። የምትሠራበት ስታዲየም አሮጌ ነው። የምሥራቁ ደረጃ ወንበር እንኳ የለውም፤ ድፍን ሲሚንቶ ነው፤ በሰው መቀመጫ ብዛት መሀል መሀሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ የየራሱ ቦታ አለው። ሰውየው ሲሞት ደግሞ ቦታው አይሞትም። አጠገቡ ይቀመጥ የነበረ ሰው ቡጢ የምታህል ድንጋይ ፈልጎ፣ ኖራ ቀብቶ፣ በሟቹ ቦታ ያስቀምጥለታል። ጨዋታ ኖሮ ሰው ከሞላ፣ ቦታ ያጣው «ይቅርታ» ብሎ ድንጋዩን ያነሳና ጭኑ ላይ ታቅፎ ያያል፤ ሲያበቃ በቦታው ይመልሳል። መሬት ላይ ያስቀመጠው እንደሆነ ግን ጉዱ ፈላ። ቡድኑ ሲያሸንፍ ድንጋዮቹ ይሞቃሉ ይባላል። ታቅፈዋቸው ዋሉ፣ ምን ይሁኑ ታዲያ! እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር የማስበው።

የኖሪት አባት የዚያ ደረጃ አስተናባሪ ነበሩ። «ጠጋ ጠጋ በሉ! ለሰው ቦታ አይጠፋም!» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስቀምጡ፣ ራሳቸው አንድ ቀን ሳይቀመጡ ኖሩ። አምና ሲሞቱ ሰዎቹ ተቸገሩ። ድንጋያቸው የት ይቀመጥ? ቦታ የላቸዋ! በመጨረሻ ከላይ፣ ሁልጊዜ ይቆሙበት ከነበረው መወጣጫ ጠርዝ ላይ አደረጓት። ከሁሉ ለብቻዋ፣ እንደ ቆመ ሰው።

ከዚያ ሜትሮ መጣ። ሜትሮ ስታዲየሙን ሊያዘምን የመጣው ኢንጂነር ነው፤ የብረት ሜትር ከእጁ ስለማይለይ ሰፈሩ እንደዚያ አለው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲያይህ የሚለካህ የሚመስል። በመጣ በመጀመሪያው ቀን ደረጃውን ቀና ብሎ አየና «ይሄን ፍርስራሽ አንሱልኝ» አለ። ሠራተኞቹ ሟቾቹን በሙሉ በጋሪ ጭነው ከጎሉ ጀርባ ደፏቸው። ኖሪት በባልዲዋ ልትለው ነበር፤ ሰው ያዛት።

በማግሥቱ ጠዋት ድንጋዮቹ ተመልሰው ነበር። ሁሉም። እያንዳንዱ በገዛ ቦታው።

እንግዲህ ሜትሮ የሚሠራበት ድርጅት «ይጠረግ» ስላለ በየማታው ይጠረጋል፤ ሲነጋ ሁሉም ተመልሰው ተቀምጠው ይገኛሉ። ማን እንደሚመልሳቸው ኖሪት ታውቃለች። በዚያ በመጀመሪያው ጠዋት ሜትሮን ደረጃው ላይ ብቻውን አግኝታዋለች፤ እጁ ኖራ በኖራ ነበር። አያት። እጁን ቶሎ ኪሱ ከተተ። ሌባ እንኳ እንደዚያ አይደነግጥም። ማታ በአፉ አስጠርጎ ጎሕ ሲቀድ በእጁ የሚመልስ ወንድ! እናንተስ ብትሆኑ አትወድቁም?

አልጠየቀችውም። የልብ ነገር በአፍ ሲወጣ ይበርዳል ብላ ፈራች። እሱም አንድ ጠዋት አዲስ ጓንት ይዞላት መጣና «ለእጅሽ» ብሎ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ሄደ። እሷም ለምስጋና ከሜዳው ጥግ ተነስታ እስከ ቢሮው በር ድረስ ክር የምታህል ነጭ መስመር አሰመረችለት። ሜትሮ ያንን መስመር ረግጦት አያውቅም። ቸኩሎም ቢሆን፣ ስልክ እያወራም ቢሆን፣ እግሩን አንስቶ ይሻገራታል።

ዛሬም ጭጋጉ ሲሳሳ ድንጋዮቹ ተመልሰዋል። ኖሪት ፈገግ አለች። ግን ወዲያው ቆዳዋ ላይ የሆነ ነገር ሄደባት። ባዶ ደረጃ ሲያይሽ እንዴት እንደሚታወቅ እንጃ፤ ብቻ ይታወቃል። ብዙ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ ያለው ዓይነት ዝምታ ነበር። ጓንቷን ደረቷ ላይ አድርጋ ያዘችው፤ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ።

* * *

ረፋድ ላይ ኮንትራክተሯ መጡ። የድርጅቱ ባለቤት፣ የሜትሮ እናት። እሳቸውን አንቱ ማለት ግድ ነው፤ መኪናቸው ራሱ አንቱ የሚባል ነው።

ከመኪናው ሳይወርዱ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። «ይሄ ደረጃ እስካሁን ለምን ቆመ?»

«እያጠናሁት ነው እማዬ፤» አለ ሜትሮ።

«ሙት ምን ያጠኑታል? የላይኛው ተሰንጥቋል ያልከኝ አንተ አይደለህም? ሰው ላይ ቢወርድ አንተ ነህ የምትጠየቀው። ነገ ጠዋት ዶዘር ይገባል። በቃ!» ከዚያ ኖሪትን አዩ፤ ከጫማዋ ጀምረው እስከ ቅንድቧ። «አንቺ ነሽ ኖራ የምትደፊው?»

«አልደፋም እትዬ። አሰምራለሁ።»

«ጨዋታ በሌለበት ሜዳ?»

«መስመር ካጣ ሜዳ መሆኑን እንዳይረሳ ብዬ ነው።»

ሹፌሩ ሳቁን በሳል ቀበረው። ኮንትራክተሯ ግን አልሳቁም። ዓይናቸው መሬት መሬቱን ሄዶ ያቺን ነጭ መስመር አገኘ፤ መስመሯን ተከትሎ እስከ ልጃቸው ቢሮ በር ደረሰ፤ ከዚያ ተመልሶ ኖሪት ላይ አረፈ።

«ገባኝ፤» አሉ ቀስ ብለው። «አይዞሽ፣ አንረሳሽም። አዲሱ ስታዲየም ሲያልቅ ብዙ መጸዳጃ ቤት ይኖረዋል። የሚያጸዳ ያስፈልገናል። አይደል ልጄ?»

ኖሪት ሜትሮን አየችው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈለገችው። «አይደለም» ቢል ይበቃታል። እንዲያውም «እማዬ!» ብሎ ቢቆጣም ይበቃታል።

ሜትሮ አንገቱን ደፍቶ በራሱ መኪና አቧራማ መስታወት ላይ በጣቱ አንድ ነገር ይጭር ነበር። እናቱ ቀና ሲሉ በእጅጌው ቶሎ ጠረገው። አፉን ግን አልከፈተም።

ኖሪት ምን እንደጻፈ አላየችም። ሲጠርግ ብቻ ነው ያየችው። እኔንም ልክ እንደዚያ ጠረገኝ አለች በልቧ፤ ልቧም ከዚያች አቧራ ጋር አብሮ መሬት ወረደ።

* * *

የኖሪት እናት የስታዲየሙ ቲኬት ቆራጭ ናት። ጨዋታ ባይኖርም ከመስኮቷ ጀርባ ትቀመጣለች፤ ቤት ከዋለች ወገቧን እንደሚያማት ነው የምትናገረው። ኖሪት ከውጭ ቆማ በመስኮቷ ቀዳዳ አለቀሰችላት።

«ድንጋይ ለመመለስ ድፍረት ኖሮት ለአንድ ቃል ያጣል?» አለች ኖሪት።

«ወንድ ልጅ ናላ! ጀርባው ክምር ይሸከማል፤ ምላሱ አንድ ቃል አይሸከምም። አባትሽ እኔን ለመጠየቅ ስንት ጊዜ ከእኔ ቲኬት እንደገዛ ታውቂያለሽ? በነጻ የሚገባ ሰው!»

ኖሪት እያለቀሰች ሳቀች። «ነገ ያፈርሱታል እማዬ። አባዬን ሄጄ ላምጣው።»

እናቷ መሐረቧን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ አጠፈች። «ቤት አምጥተሽ ምን ላደርገው ነው? በሕይወት እያለስ መች ቤት ተገኘ! እዚያ ነው የሚኖረው።» መሐረቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ደሞ፣ እሱን ብቻ አንስተሽ ሌሎቹን ብትተያቸው ይቀየምሻል። ሰው ለይቶ አስቀምጦ አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«ሂጂና ቻው በይው። ካለቀሰም አብረሽው አልቅሺ።»

«ድንጋይ ያለቅሳል እንዴ?»

እናቷ በቀዳዳው እጇን አውጥታ የኖሪትን ጉንጭ ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። «ባለፈው ሰሞን፣ ዝናብ ሳይጥል፣ እርጥብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤» አለች። ኖሪት ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም፤ መልሱን እንዳትሰማ ፈርታ።

* * *

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ደረጃውን ወጣች። ሠራተኞቹ የመጨረሻ ቀን ነው ብለው ዛሬ አልጠረጉም። ነጫጮቹ ድንጋዮች በየቦታቸው ቁጭ ብለዋል፤ ጥላቸው ወደ ሜዳው ዘንበል ብሎ ረዝሟል። ኖሪት በመሀላቸው ስታልፍ ሳታስበው «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ትል ነበር፤ ጨዋታ ተጀምሮ አርፍዶ እንደሚገባ ሰው።

ከላይ፣ መወጣጫው ጠርዝ አጠገብ፣ ሜትሮ ተቀምጧል። የአባቷን ድንጋይ ጭኑ ላይ ታቅፎ።

«አስቀምጠው!» አለች። ድምፅዋ ባዶውን ስታዲየም ዞሮ ሲመለስ የእሷ አይመስልም ነበር።

ደንግጦ ተነሳ፤ ድንጋዩን ግን አልጣለም። «ይቅርታ ብዬ ነው ያነሳሁት። እንደዚያ አይደል የሚደረገው?»

«ማን ነገረህ?»

«አንቺን እያየሁ ተማርኩ።»

«እኔን ስታይ ከዋልክ ጠዋት ምን ሆነህ ነው ዓይንህ የጠፋው?»

ቃሏ እንደ ጥፊ አረፈበት። ድንጋዩን ቀስ ብሎ በቦታው መለሰ። «መስታወቱ ላይ ፕላን እየሣልኩ ነበር፤» አለ። «ይሄ የላይኛው እውነትም ተሰንጥቋል። እዚህ ሰው አስቀምጬ እንቅልፍ አይወስደኝም። ግን ከታች እስከዚያ እስከ ብረት መደገፊያው ድረስ ያለው ጤነኛ ነው። የተሰነጠቀው ብቻ ይነሳ፤ አዲሱ በላዩ ይሠራ፤ ጣሪያ ይኑረው፤ አሮጌው ከሥሩ እንዳለ ይቀመጥ። ከነጉድጓዱ። ከነድንጋዮቹ።»

ኖሪት ወደ ብረት መደገፊያው አየች። «ይሄን ለመስታወት ትናገራለህ ለእናትህ አትናገርም?»

«ፈራሁ።»

«አላፈርክም?»

«አፈርኩ። አፍሬ ነው እዚህ ተቀምጬ የምታይኝ።» ወደ እሷ አንድ እርምጃ መጣ። «ስሚኝ። እኔ የሰው ቤት፣ ድልድይ፣ ምኑን ሁሉ ስለካ ኖሬያለሁ። እንደ አንቺ ያለ ሰው ግን ለክቼ አላውቅም። በየጠዋቱ እነዚህን ሁሉ በዚያች በትንሽ እጅሽ ተሸክመሽ ስትመልሻቸው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትረሺ፣ አንድ ቦታ እንኳ ሳትስቺ... ጓንቱን የሰጠሁሽ እኮ ለዚያ ነው። እጅሽ እንዳይቆስል።»

ኖሪት ሳቀች። ሳቋ መሀል መንገድ ላይ ቆመ።

«እኔ?» አለች። «የምትመልሳቸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ? ኧረ! አንቺ ነሽ እንጂ።»

«እጅህን ኖራ ሆኖ አይቼዋለሁ! በመጀመሪያው ቀን!»

«ነክቻቸው ነዋ። ተመልሰው ሳገኛቸው እውነት ይሁኑ አይሁኑ ብዬ ነካሁ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ይሞቁ ነበር።»

ነፋስ አልነበረም። በዚያች ሰዓት ከኋላቸው አንዱ ደረጃ ላይ፣ ጠጠር በሲሚንቶ ላይ ስትሳብ የምታወጣው ዓይነት ትንሽ ድምፅ ተሰማ። አንዴ። ከዚያ ፀጥ።

ኖሪት እጁን የያዘችው መች እንደሆነ አታውቅም። ቆሌዋ ተገፎ፣ እሱን እየጎተተች፣ ወደ በሩ ሮጠች። እዚያ ከድርጅቱ ጋር የመጡት ዘበኛ፣ ራዲዮ ከጆሯቸው ስለማይጠፋ ጋሼ ራዲዮ የሚባሉት፣ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ጋሼ፣ ድንጋዩን የሚመልሱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? በዚህ ወገቤ?» ሳቁባት። «ኧረ ተዉኝ ልጆቼ፣ እናንተ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሊነጋ ሲል ኮቴ ስሰማ፣ የሰው ፍቅር ማዳመጥ ነውር ነው ብዬ ራዲዮዬን ከፍ አደርጋለሁ።»

«ምን ነበር የሚሰሙት?» አለ ሜትሮ።

«ኮቴ ነዋ፣ የብዙ ሰው። ከዚያ አንድ ሰውዬ ‹ጠጋ ጠጋ በሉ› ይላል። እኔማ ይሄ ዝምተኛ ልጅ ስንት ሴት ይዞ ነው የሚመጣው ብዬ ታዝቤህ ነበር!»

ኖሪት ግድግዳውን ተደገፈች። ሜትሮ ፊቷን አይቶ «ምነው? ማነው?» አላት።

«አባዬ ነው፤» አለች። ስትናገረው ፍርሃቱ አልሄደም፤ ግን ከፍርሃቱ ሥር አንድ ሌላ ነገር መጣ። አምና የተቋረጠ ነገር። እንባዋ ሲወርድ ትኩስ ነበር።

ሲለያዩ እጇን አልለቅ አላት። «ነገ ዶዘሩ ሳይነሳ እናገራለሁ።»

«ስትናገር እሰማሃለሁ፤» አለች። «ካልተናገርክ ግን ያንን መስመር ራሴ እጠርገዋለሁ። አንተ መጥረግ ታውቅ የለ? እኔም እችላለሁ።» እጇን አስለቀቀች። በመንገዷ ሁሉ ጣቶቿ ላይ የእሱ ሙቀት ነበር፤ ጀርባዋ ላይ ደግሞ የብዙ ሰው ዓይን።

* * *

ሲነጋ ጭጋጉ እንደዚያ ወፍሮ አያውቅም። ደረጃው የለም። ሰማዩም የለም። የሰፈሩ ሰው በሩ ጋ ተሰብስቧል። ዶዘሩ ቢጫ ሆዱን ዘርግቶ ይጉረመረማል። ኮንትራክተሯ ካፖርታቸውን ደርበው ቆመዋል።

«ቀጥል!» አሉት የዶዘሩን ሹፌር።

ሜትሮ ከዶዘሩ ፊት ሄዶ ቆመ። ኖሪት ከሩቅ ታያለች።

«እማዬ፣ አይፈርስም።»

«ምን አልክ?»

«የተሰነጠቀው ይነሳል። ከብረት መደገፊያው በታች ያለው ይቀራል። አዲሱን በላዩ እሠራዋለሁ። ጣሪያ፣ መብራት፣ ጥሩ መጸዳጃ፣ ሁሉም ይኖረዋል...»

«መጸዳጃውንስ ተዉት፤ ሟቾቹም አይወዱትም!» ብላ ጮኸች የኖሪት እናት ከመስኮቷ። ከሕዝቡ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«...ይሄን ግን አፍርሼ ሌላ ብሠራ፣ ሕንፃ ይሆናል እንጂ ስታዲየም አይሆንም። ካልፈቀድሽ ሌላ ኢንጂነር ፈልጊ። ደሞ ትናንት ያልመለስኩትን ልመልስ፤ እሷ የማንም መጸዳጃ አጽጂ አይደለችም። እወዳታለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ ኖሪትን አየ። እሷ ያየችው ግን እሱን ብቻ ነበር።

ኮንትራክተሯ ከንፈራቸው ነጣ። «እናትህን በሰው ፊት! ለድንጋይ ብለህ! አንተ ሹፌር፣ ቀጥል አልኩህ እኮ!»

በዚህ ጊዜ ጭጋጉ ተነሳ። አልሳሳም፤ አንድ ሰው አንሶላ እንደሚገልጥ ከላይ ወደ ታች ተገለጠ።

የላይኛው ደረጃ ባዶ ነበር። አንድም ድንጋይ የለበትም። ከብረት መደገፊያው በታች ግን ነጭ በነጭ ሆኗል። ሁሉም ወርደዋል። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ ረድፍ በረድፍ ሞልተው፣ ሜዳውን ያያሉ። ልክ እስከ መደገፊያው። አንዲትም አላለፈችም።

ያቺን ድንበር ትናንት ሲናገራት የሰማችው ኖሪት ብቻ ናት። ኖሪትና ደረጃው።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ወረደና ኮፍያውን አወለቀ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤» አለ፤ «ሰው የተቀመጠበት አላፈርስም።»

«የምን ሰው? እነዚህ ሁለቱ ናቸው ያደረጉት!» ኮንትራክተሯ በታኮ ጫማቸው ቀጨው ቀጨው እያሉ ሄደው ከታችኛው ረድፍ አንዱን ድንጋይ አነሱ። ሊወረውሩት እጃቸውን ሰነዘሩ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ፊታቸው ሲለዋወጥ ሁላችንም አየን። ድንጋዩን ወደ ደረታቸው አመጡት፤ በሌላኛው መዳፋቸው ሸፈኑት፤ ከጭን ላይ ገና የተነሳን ሕፃን እንደሚይዙ። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ኖራው ውርጭ ይመስል ነበር። ድንጋዩ ግን...

«ይቅርታ፤» አሉ ኮንትራክተሯ፤ ለልጃቸውም አልነበረም፣ ለኖሪትም። ጎንበስ ብለው በቦታው መለሱት።

ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ኖሪት አጠገብ ቆሙ። «ደረጃውን ነው የተውኩት፤» አሉ። «ሌላ ነገር ተውኩ አላልኩም።»

«እኔም አልሰማሁም እትዬ፤» አለች ኖሪት።

ሰዉ በእልልታ ሲገባ እሷ ሮጠች። የአባቷ ድንጋይ በጠርዙ ላይ አልነበረችም። የላይኛው ባዶ ነው። አንድ በአንድ እያየች ወረደች፤ ይቺ አይደለችም፤ ይቺም አይደለችም። በመጨረሻው ረድፍ ጫፍ ላይ አገኘቻት። ዕድሜ ልካቸውን ያልተቀመጡት ሰው ተቀምጠዋል። ሌሎቹ ሁሉ እጅብ ብለው ሳለ፣ ከእሳቸው ወዲህ ግን፣ እስከ ጠርዙ፣ የሁለት ሰው ቦታ ክፍት ነበር። ሌላውን ጠጋ በሉ ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ራሳቸው ጠጋ ብለዋል።

ኖሪት ጓንቷን አወለቀች። በባዶ እጇ ነካቻቸው። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሜትሮ መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ጨዋ ነውና፣ ወይም ፈሪ ነውና፣ በመሀላቸው አንድ ክንድ የሚያህል ክፍተት ትቶ። ሁለቱም ሜዳውን አዩ። በጤዛው ላይ ያቺ ቀጭን ነጭ መስመር ታበራለች።

ሰዉ ገና በሩ አካባቢ ነበር። ከኋላቸው ማንም አልነበረም። ይሄን ማንም ሊያስተባብልብኝ አይችልም፤ ማንም አልነበረም።

«ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለ አንድ ድምፅ፤ የደከመ፣ ሞቅ ያለ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ድምፅ። «ለሰው ቦታ አይጠፋም!»

ዞረው አላዩም። ሁለቱም ጠጋ አሉ።